ፊሽካው እስኪነፋ

ይህ ታሪክ ለአንባቢ መቅረብ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። የሞተ ሰው የለም፤ አገር ያወቀው ነገርም አይደለም። ሆኖም አምና ኅዳር ውስጥ የሆነው ነገር እስካሁን ከእንቅልፌ ስለሚቀሰቅሰኝ ልጻፈው ብያለሁ።

ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። አምና ግን አባቴ ታምሞ ስለነበር ትምህርቴን አቆይቼ፣ ከዲላ ወጣ ብሎ ጪጩ አጠገብ በሚገኝ አንድ የቡና ማጠቢያ ተቀጥሬ ነበር። ሥራዬ ገበሬዎች የሚያመጡትን ቀይ ቡና ከዱካሌ ጋር ልጣጩን ከፍሬው ወደሚለየው ማሽን፣ ወደ መፈልፈያው፣ መገልበጥ ነበር። ዱካሌ የጌዴኦ ልጅ ነው፤ በዚያው ሰሞን የመጀመሪያ ልጁ ተወልዶለት ነበር።

ቀደም ሲል መፈልፈያው ውስጥ እንጨት ሲሰነቀር ሞተረኛው ጋሽ መንግሥቱ ሞተሩን አጥፍተው ይጠብቁን ነበር። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ሰይፉ ይህን እንደ ስንፍና ቆጠሩት። ፊሽካ ገዝተው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉና፣ «ከእንግዲህ ሞተር የሚነሣውም የሚቆመውም በፊሽካዬ ነው። ያለ ፊሽካ የነካ ይባረራል፤ ከቦታው የተነሣም እንዲሁ» አሉ።

«ማስነጠስ ቢመጣብንስ፣ እሱም በፊሽካ ነው?» አሉ የተበላሸውን ፍሬ ለቅመው ከሚያወጡት ሴቶች አንዷ፣ እትዬ ብርቱካን። ሴቶቹ ሳቁ። አቶ ሰይፉ ወደ እነሱ ዞር ሲሉ ሁሉም አንገታቸውን ደፉ።

አንድ ብርዳማ ጠዋት መፈልፈያው ውስጥ ቅርንጫፍ ተሰነቀረ። አቶ ሰይፉ ውጭ በር ላይ ከቡና አቅራቢዎች ጋር ይከራከሩ ነበር። ዱካሌ መጠበቅ ሰልችቶት ሞተሩ እየሠራ እጁን ሰደደ። ሞተሩን ከመፈልፈያው ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ፣ ያ ረጅም የቆዳ ቀበቶ፣ የጋቢውን ጫፍ ያዘው።

ወገቡን ይዤ ወደ ኋላ ሳብኩት። ጋቢው አንገቱ ላይ ጠበቀ። በጋቢው የተጠመጠመው ክንዱ ሲሰበር ሰማሁት።

«ጋሽ መንግሥቱ፣ ያጥፉት» ብዬ ጮኽሁ።

እጃቸው የናፍጣው መዝጊያ ላይ ነበር። ወደ በሩ እያዩ፣ «ፊሽካውስ?» አሉኝ።

ክፉ ሰው አይደሉም። ልጆች የሚያሳድጉት በዚያች ሥራ ነው። በሕልሜ የሚመጣብኝ ያ ሁሉ ሠራተኛ በየቦታው ደርቆ በሩን ሲያይ ነው።

እትዬ ብርቱካን ከለቀማው ተነሥተው ሮጡ። ጋሽ መንግሥቱን በትከሻቸው ገፍተው መዝጊያውን ዘጉት። ሞተሩ እየተንገጫገጨ ቆመ።

አቶ ሰይፉ ድምፁ ሲጠፋ መጡ። ዱካሌን በመኪናቸው ሐኪም ቤት እንዲያደርሱት አዘዙ። ቀጥለውም «ማነው ያቆመው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አሉ እትዬ ብርቱካን።

«ነገ ጠዋት ቢሮ ትመጪያለሽ።»

በማግሥቱ እትዬ ብርቱካን ወደ ቢሮው ሲሄዱ ጋሽ መንግሥቱ ሞተሩን ሳያስነሡ ተከተሏቸው። ከዚያ ሁላችንም ተከተልን። ተሰብስቦ አለቃ ፊት መቆም አድማ ይባላል፤ አድማ ደግሞ እስር ቤት ያስገባል።

አቶ ሰይፉ ፊሽካቸውን ነፉ። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ፖሊስ ልጥራ?»

«ይጥሩ፣ ጌታዬ» አሉ ጋሽ መንግሥቱ። «ሳይፈለፈል ያደረው የትናንቱ ቡና ግን ፖሊስ እስኪመጣ አይቆይም፤ ይሸታል። እሷን ካስወጡ ለሞተሩም ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

አቶ ሰይፉ «ወደ ሥራ» ብለው የቢሮውን በር ዘጉ። እትዬ ብርቱካንን አላባረሯቸውም፤ ይቅር ብያለሁም አላሉም። ስለዚህ በየጠዋቱ ስም ሲጠራ፣ የእትዬ ብርቱካን ስም እስኪደርስ ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቅ ነበር። ጋሽ መንግሥቱ ግን ከዚያ ወዲህ ማንም «ይቁም» ካለ ሞተሩን ያጠፉ ነበር፤ አቶ ሰይፉም አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ።

አሁን አስተማሪዎቻችን ስለ ሥራ ሥርዓት ሲያስረዱን እጽፋለሁ፤ ሥርዓት እንደሚያስፈልግም አምናለሁ። ወደፊት ሰው የማሠራ ብሆን ግን፣ ሠራተኞቼ ያለ አንድ ቃል ሲታዘዙኝ ካየሁ የምደሰት አይመስለኝም፤ እሰጋለሁ።

ዱካሌ ክንዱ ትንሽ ቢጎብጥም ድኗል። የእትዬ ብርቱካንም ስም አንድ ቀን ሳይዘለል የቡናው ወቅት አልቆ፣ ያለ ፍርሃት የተሰነባበትነው ጥር 24 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው።