ለሌሊት ወፍ የተገዛ ካቲካላ

ንጹሕ ሰው አያፍርም የሚል ካጋጠማችሁ አትመኑት። ነቀምቴ ውስጥ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኜ ስንት ዓመት ካገለገልኩ በኋላ፣ መጠጥ ከአፌ ሳይገባ ጠጪ ተብዬ አፍሬአለሁ። አሁንም አፍራለሁ።

ነገሩ የመጣው ጉቶ ጊዳ ወረዳ ካለው የአባቴ መሬት ነው። ከቡናችን በታች ቁጥቋጦ የሸፈነው ዋሻ አለ፤ ውስጡ የሌሊት ወፍ ነው። አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት፣ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ልጅ፣ ድምፃቸውን በመሣሪያ ቀድታ ሰማችና እንቅልፍ አጣች። ለእኔ የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ውስጥ ከሚያድሩት በምንም አይለዩም፤ ለእሷም በዓይን አይለዩም። ዘራቸው ቢመረመር ግን ከዚህ ዋሻ በቀር የትም የሌሉ ሊሆኑ ይችላሉ አለችኝ።

በዚያ ሰሞን ደግሞ የሌሊት ወፍ ማንጎውን የፈጀበት ሰው ሁሉ፣ ማደሪያቸውን አግኝቶ በጭስ ሊጨርሳቸው ይዝት ነበር። የእኛዎቹ ትንኝ እንጂ ፍሬ አይቀምሱም። የተናደደ ባለማንጎ ግን ይህን መች ይሰማል? ስለ ዋሻው ለማንም ትንፍሽ ላልል ቃል ገባሁላት።

ከክንፋቸው ለምርመራ ቅንጣቢ የወሰደች ዕለት፣ ከዋሻው ስንወጣ የአልኮል ጠርሙሷ ቦርሳዋ ውስጥ ፈሶ ጠበቀን። ቅንጣቢው ቶሎ አልኮል ውስጥ ካልገባ ይበላሻል። በቅርብ ያለው መድኃኒት ቤት ተዘግቷል። ክፍት የነበረው ካቲካላ ቤቱ ብቻ ነው። ወጣት ሴት ከምትገባ ሽበታሙ እኔ ብገባ ይሻላል ብዬ ገባሁ።

ባለቤቲቱ «ባርሲሳ፣ አካም ጅርቱ!» ብላ በኦሮምኛ ሰላም እያለች ተነሣችልኝ፤ ልጇን አስተምሬላታለሁና መምህር ማለቷ ነው። ከሁሉ ጠንካራውን ስጪኝ አልኳት። እሷም ሐቀኛ ናትና፣ ጥንካሬውን ልታሳየኝ ሳህን ላይ ጠብ አድርጋ ክብሪት ጫረችበት። ሰማያዊውን እሳት ጎንበስ ብዬ እያየሁ እንደ አዋቂ ጭንቅላቴን ስነቀንቅ፣ ከመዘምራኖቻችን አንዷ በባጃጅ አለፈች።

ወሬውን ለማድረስ ባጃጁ በቃ። ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። የሚጠይቀኝ የረጅም ጊዜ ወዳጄ ነው፤ በአካባቢው ደግሞ የእሱን ያህል ማንጎ ያለው የለም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በለሆሳስ ነው የጠየቀኝ።

«ባርሲሳ፣ ካቲካላ ገዝተዋል?»

«ገዝቻለሁ።»

«ለማን?»

ለሌሊት ወፍ ብል መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ቀጥሎ የየትኛው ዋሻ ብለው ይጠይቃሉ። ዝም አልኩ። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ የእኔው ግን አስፈረደብኝ። ንስሐ እስክገባ ከአገልግሎትም ከጌታ እራትም አገዱኝ። ያልጠጣሁትን ምን ብዬ ንስሐ ልግባ? ሚስቴ እውነቱን ታውቃለች። ቢሆንም ጨለለቂ ገበያ ስትወጣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ ታደርጋለች፤ ይህን ሳይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

ከወራት በኋላ ልጅቱ ደወለች። በደስታ ታለቅሳለች። እውነትም የብቻቸው ዘር ናቸው፤ እስካሁን ሌላ ቦታ አልተገኙም።

«እንግዲህ ልናገር?» አልኳት።

«አሁንማ ጭራሽ አይናገሩ፣ ጋሼ። ዋሻው በሕግ እስኪጠበቅ ድረስ።» ከዚያ ደንግጣ፣ እኔ መጥቼ ልመስክርልዎ አለች። ተይው አልኳት። እሷም ብትመጣ ጥያቄው ያው ዋሻው ጋ ነው የሚያደርሳቸው።

ባለፈው እሑድ የጌታ እራት ነበር። ትሪውን ይዞ የሚያዞረው ያ ወዳጄ ነው። የእኛ አግዳሚ ጋ ሲደርስ አንገቴን ደፋሁ። ለሚስቴ ሰጥቶ፣ እኔን ዘሎ፣ ከጎኔ ወዳለው ሰው እጁን ዘረጋ። ሚስቴ ትንሿን ጽዋ ጥቂት ያዘቻት። ከዚያ ተነሥታ፣ ጉባኤው ሁሉ እያየ፣ እንደሞላች ትሪው ላይ መለሰቻት።