ትል በሆነልኝ

እሁድ ጠዋት ልቤ የሚመታው ለሌላ ነገር አልነበረም፤ እናቴ ለቀበሌ ስብሰባ እንድትወጣልኝ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ከስብሰባ መቅረት ስለማይቻል ቤቱ እስከ ምሳ ሰዓት የኔ ብቻ ነው። ኮቴዋ ሳይርቅ ሌማቱን እከፍታለሁ፤ እንጀራውን በወጥም ያለ ወጥም፣ ቀጥሎ ዳቦውን፣ ቀጥሎ እጄ የገባውን ሁሉ። አይርበኝም ነበር እኮ። ስጎርስ ግን ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን አስዋሸኝ፤ ልጅ ሆኜ ከእንጦጦ ቁልቁል ስሮጥ እግሬ አልቆም ሲለኝ የሚሰማኝ ዓይነት ደስታ። ሲያልቅ አለቅሳለሁ።

አንድ እሁድ ስብሰባው ቶሎ ተበተነ። እናቴ ስትገባ አፌ ሙሉ ነው፤ ጭኔ ላይ ያለው ከረጢት ደግሞ ሰው ሲገኝ ጦር ሜዳ ላለው ወንድሜ ልትልክለት ያዘጋጀችው ዳቦ ቆሎ ነው። ግማሹ የለም። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ሆዴን ትክ ብላ አየችና፣

“ኮሶ ነው” አለች። “ይኼ የኮሶ ትል ነው እንጂ ያንቺ ሆድ አይደለም።”

ደስታዬን አልቻልኩትም። ትል ከሆነማ ይወጣል። ጥሬ ሥጋ ከቀመስን ስንት ጊዜ እንደሆነን ማስታወስ እንኳ አልፈለግሁም። መድኃኒቱን ልግዛ ብዬ ከጉለሌ ቤታችን አዲሱ ገበያ በሩጫ ሄጄ በሩጫ ተመለስኩ። በማግስቱ ጠዋት ያን መራራ ነገር በባዶ ሆዴ አፍንጫዬን ይዤ ጨለጥኩት። ኮሶ እየሳቀ የጠጣ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

እስከ ከሰዓት ወደ ጓሮ ስመላለስ ዋልኩ። እናቴ በእንጨት እየነካካች መረመረች።

“ትሉስ?” አልኳት።

“የለም፣ ልጄ።”

የበላሁት እኔው ራሴ ነበርኩ ማለት ነው። እናቴ አጠገቤ ተቀመጠችና የወንድሜን ስም ጠራች። ከሄደ አምስት ወሩ ነው፤ እሷ እንዳይከፋት እኔ፣ እኔ እንዳይከፋኝ እሷ፣ ስሙን አንሥተን አናውቅም ነበር።

“እሱ ከሄደ ወዲህ እኔ እህል አልወርድ ብሎኛል” አለች። “አንቺ ደግሞ አልጠግብ አልሽ። አንድ ነው መሰለኝ በሽታችን።”

በሚቀጥለው እሁድ የስብሰባው ሰዓት ሲደርስ ነጠላዋን አላነሣችም። ሌማቱን መሃላችን አድርጋ ከፈተችው።

“ምን ይሉሻል?” አልኳት በድንጋጤ።

ኮሶ ጠጣ የተባለ ሰው ለምን ቀረህ ተብሎ አይጠየቅም።

“ኮሶ ጠጥቻለሁ እላለሁ” አለችና አጎረሰችኝ።