ጉብታው የማን ነው?

ባለቤቴን በመሥሪያ ቤታችን ሁሉም «እትዬ አትንኩት» ይላታል። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እግዜር ይስጣቸው፣ እስካሁን ማንም አልነገረብኝም። መስተዋት ወልዋይ ናት። የፊት ማያ እንዳይመስላችሁ! የከዋክብትን ብርሃን የሚሰበስብ፣ አልጋችንን ከነፍራሹ የሚውጥ ጎድጓዳ መስተዋት ነው። ጉድጓዱ ከኳስ ላይ የተቆረሰ ቢመስል ኖሮ ሥራው ቀላል ነበር። ይሄ ግን ከመሃል ወደ ጠርዝ በወጣ ቁጥር እየተለጠጠ ስለሚሄድ ማሽኑ አይበቃውም፤ መጨረሻው በእጅ ነው። ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ስህተት ገደል ይከተዋል። እሷ ትወለውላለች፣ ልጃችን ትለካለች፣ እኔ ክሬን እነዳለሁ። እራት ላይ ምን እንደምናወራ እናንተው ገምቱ።

ያን ቀን የመጨረሻው ልኬት ነበር። ከመስተዋቱ በላይ በቆመው የመለኪያ ማማ ጫፍ ከተሰቀለው የሌንስ ሣጥን ብርሃን ወረደ፣ መስተዋቱን ነክቶ ተመለሰ። እኛ ከጎን ባለው ክፍል ስክሪኑ ላይ አፍጥጠናል። በመስተዋቱ ምስል ላይ፣ በበሩ በኩል ባለው ጎኑ፣ አንዲት ጉብታ ብቅ አለች።

«አላልኩም? ጉብታ አለው! አሁኑኑ አጠፋዋለሁ» ብላ ባለቤቴ መወልወያዋን አፈፍ አደረገች።

«እማዬ፣ ቆዪ በናትሽ! ሣጥኑ ዋሽቶ ቢሆንስ? መጀመሪያ መስተዋቱን ሩብ ዙር እናዙረው። ጉብታው አብሮት ከዞረ የመስተዋቱ ነው፤ በበሩ በኩል ከቀረ የሣጥኑ ነው።»

«በክሬን ልታንጠለጥሉት? ስንት ዓመት የለፋሁበትን? ቢወድቅስ!»

«የሌለ ጉብታ ብትወለውዪስ? ጉድጓድ ይሆናል። የተፋቀ መስተዋት ደግሞ ተመልሶ አይሞላም!»

እናትና ልጅ ዓይንና ናጫ ሆኑ። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ትዳሬን ያቆየሁት መሃል ሰፋሪ ሆኜ ነው፤ ዛሬ ግን ልጄ እውነቷን ነበር። «አነሳዋለሁ» አልኩ።

«ከጣልከው ቤት እንዳትመጣ» አለችኝ ባለቤቴ። ቀልዷን አልነበረም።

የክሬኑን ማንሻ ቀስ ብዬ ሳብኩት። መስተዋቱ ከመቀመጫው ለቀቀ። እሷ ከጎን ከጎኑ እየሄደች «ቀስ! ቀስ በል እንጂ አንተ ሰውዬ!» ትለኛለች። አዞርኩት፣ አስቀመጥኩት፣ ከዚያ በኋላ ነው የተነፈስኩት። የሰው ገላ ሙቀት አየሩን ስለሚረብሸው ወጥተን በሩን ዘጋን፣ አየሩ እስኪረጋም ጠበቅን። መጠበቅ እንዲህ ልብ ያፈርሳል!

ብርሃኑ ወረደ። ጉብታዋ በበሩ በኩል ናት። ንቅንቅ አላለችም!

«የሣጥኑ ነው! የሣጥኑ ነው!» ልጄ ዘለለች፤ እኔም በዚህ ጉልበቴ ዘለልኩ። የሣጥኑን ስህተት ከልኬቱ ቀንሳ ስታሳየን መስተዋቱ እንከን አልነበረውም።

ባለቤቴ ብቻ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች።

«ታዲያ... አልቋል ማለት ነው?»

«አልቋል እማዬ! ባለፈው እጅሽን ከላዩ ስታነሺ፣ ያኔ ነው ያለቀው።»

«ያኔ?» ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡባት፤ ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ያዘችኝ። «ያኔ እኮ ያቆምኩት ርቦኝ ነው!»