ሚሚን ያወቅሁበት ክረምት

«አንቺ የፈለግሽው ውሻ አይደለም፣ አሻንጉሊት ነው» አሉኝ እትዬ ውብዓለም ፊት ለፊት፣ ገና በራቸው ላይ እንደቆምኩ፣ ግቢ እንኳን ሳይሉኝ። እኔም ዝም የምል ልጅ አልነበርኩምና «አሻንጉሊትማ አለኝ» ብያቸው፣ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው በሩን ከፈቱልኝ። ዛሬም ዝናብ የመታው የውሻ ፀጉር ከገላ ሳሙና ጋር ተደባልቆ ሲሸተኝ፣ ያ ክረምት ከነጭቃው ይመጣብኛል።

እትዬ ውብዓለም፣ ባላቸው በሥራ ተዛውረው ከጎንደር ወደ ሆሳዕና ሲመጡ አብረው የመጡ ጎረቤታችን ነበሩ። ሚሚ የምትባል፣ ከድመት ብዙም የማትበልጥ፣ ነጭ ፀጉሯ ዓይኗን የሸፈነው ውሻ ነበረቻቸው፤ ዘሯ ማልቲዝ ይባላል። አዲስ አበባ እህታቸው ቤት የዚሁ ዘር ቡችሎች መወለዳቸውን ስሰማ አንዷን እንዲገዛልኝ አባቴን ስነዘንዘው ሰነበትኩና፣ አስተማሪ ስለሆነ ሁሉንም ነገር አጥኑ ማለት ይወዳል፣ «መጀመሪያ ጠባይዋን እወቂ፣ ከዚያ እንገዛለን» አለኝ። እትዬ ውብዓለምም ተስማሙ፣ ግን «ውጭ የምታድር ከሆነ አልሰጥም» አሉ። እናቴ ደግሞ ውሻ ደጃፏን እንዲያልፍ የማትፈቅድ ሴት ነበረች፤ ቤታችን ሰው ለጸሎት የሚሰበሰብበት ቤት ነው፣ ውሻ ግቢ ታስሮ ይጮሃል፣ አለቀ። እኔ በሁለቱ መሃል ነበርኩ።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበርና ጠዋት ጠዋት ጭቃውን እየዘለልኩ እሄድ ነበር። ፀጉሯ እንደ ሌላ ውሻ እንደማይረግፍ፣ ሁልጊዜ እንደሚያድግና ካልተበጠረ ተቋጥሮ ቆዳዋን እንደሚጎትት፣ ከዓይኗ ሥር የሚወርደው ቡናማ እንባ ለብ ባለ ውሃ እንደሚጠረግ፣ የዶሮ አጥንት እንደማይሰጣት፣ ብርድ ሲነካት ጥርሷ እንደ ሰው እንደሚንቀጫቀጭ የተማርኩት ያኔ ነው። ጃንጥላ ትጠላ ነበር፤ ጃንጥላ የያዘ ሰው ካለፈ ከመስኮቱ ሥር ሆና ታብድ ነበር። እትዬ ውብዓለም ከሳሎን ወደ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ወደ ጓሮ ሲሄዱ እግር እግራቸውን ትከተላለች፤ በር ዘግተው ከገቡ እዚያው ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። «ሌላ ሥራ የላትም፣ ከሰው ጋር እንድትሆን ነው የተፈጠረችው» ይሉኝ ነበር፤ እኔ፣ ጨው እንዳመጣ ተልኬ ገበያውን በሙሉ ዞሬ የምመለሰው ልጅ፣ ሰምቼ አለፍኩት።

መስቀል ሲደርስ እትዬ ውብዓለም ድንገት ለቅሶ ገጠማቸውና ከባላቸው ጋር ወደ ጎንደር ሄዱ። በዚያ ሰሞን ሆሳዕና ውስጥ ቤት የሚጠብቅ ሰው አይገኝም፣ ሁሉም ወደ ዘመዱ ገጠር ይወጣል፣ ሠራተኛቸውም ቀድማ ወጥታ ነበር፤ ስለዚህ ሚሚ ሹራቤ ውስጥ ተጠቅልላ ከእኛ ጋር ጊምቢቹ፣ አጎቴ ላምቤቦ ቤት ወረደች። ሁላችንም ገብቶናል፤ ይሄን በዓል በሰላም ካሳለፈች ቡችላዋ ትገዛለች።

አጎቴ አንስቶ አገላበጣትና «ፊቷ የቱ ጋ ነው?» አለ።

«ሌባ ቢመጣ ምን ታደርገዋለች?» አለኝ ደግሞ።

«ትጮህበታለች» አልኩት።

«ከዚያስ?»

«ትደበቃለች።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የአጎቴ ሚስት ስሟን ስትሰማ ትንሿ ልጇን ጠርታ «የእኔ ሚሚ፣ ነይ፣ ሞክሼሽ ከሆሳዕና መጥታልሻለች!» አለቻት። አጎቴ ግን በደግነት፣ ማንኛውንም ውሻ እንደሚያደርገው ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ ሥር በገመድ አሰራትና ከታረደው በሬ አንድ ትልቅ ጎድን ወረወረላት። ጎድኑ ከእሷ ይረዝም ነበር። አልነካችውም። ማልቀስ ብቻ።

አመሻሹ ላይ ልጆቹ ችቦ ለኩሰው «ያሆዴ» እያሉ የመስቀሉን ዘፈን ሲጀምሩ እኔ እንሰቱ ሥር ሚሚን አቅፌ ተቀምጬ ነበር። ተነስቼ ስሄድ ታለቅሳለች፣ እመለሳለሁ፤ ደግሞ እሄዳለሁ። የአጎቴ ልጆች «ምሕረት፣ ነይ እንጂ! ውሻ ልታሳድጊ ነው ወይስ ጡት ልታጠቢ?» እያሉ ይጮሁብኝ ነበር። በመጨረሻ እናቴ እጇ በቅቤ እንደራሰ ብቅ አለችና «አስገቢያት። ምድጃው ጥግ ብቻ፣ ወዲህ እንዳትመጣብኝ» አለች። ከእሷ አፍ ይሄ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሚሚን አስቀምጬ ሮጥኩ። የችቦው እሳት ጋ ሳልደርስ ግን «ምሕረት! ልጅሽ አላስቀመጠችንም!» ብላ ተጣራች። ተመልሼ ምድጃው ጥግ ተቀመጥኩ፣ ሚሚም ጉልበቴ ላይ ወጥታ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት፣ ዘፈኑም በግድግዳው ጀርባ አልፎ እየራቀ ሄደ። ሚሚን እወዳት ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን አልወደድኳትም።

በበዓሉ ማግስት እናቴ ደጅ ቁጭ ብላ ከሚሚ ፀጉር ላይ ጭጎጎት ስትለቅም አየኋት። በራሷ ማበጠሪያ! «ይቺ እኮ እንደ ሰው ናት» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለሚሚ።

አሁን ሆሳዕና ውስጥ ትንሽ ውሻ ያቀፈ ሰው ማየት ብርቅ አይደለም፤ ሰው በስልኩ ፎቶ ያይና ይደውላል፣ በካርቶን ተጭኖ ይመጣለታል፣ ትንሽ ከቆየ በኋላ ግቢ ታስሮ ሲያለቅስ ይሰማል። «ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውለው ማነው?» ብዬ ስጠይቅ ምቀኛ የምመስላቸው አሉ። እኔ ልብስ ተሸክሜ ዛሬ ዱራሜ፣ ነገ ቦኖሻ፣ ከገበያ ገበያ የምዞር ሴት ነኝ፤ ድመት እንኳን የለኝም። ያኔ ግን አንዲት ውሻ ለመግዛት አንድ ሙሉ ክረምት ይሰጠን ነበር።

ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ እትዬ ውብዓለም አስጠሩኝ። ከአባቴ ጋር ገባን። ከአዲስ አበባ የመጣችው ቡችላ ሳሎኑ ውስጥ ቅርጫት ላይ ነበረች፤ ሳነሳት የሹራቤን ጫፍ ነክሳ አልለቅም አለች፣ አፏ ወተት ወተት ይሸታል።

«በይ ያዣት፣ ያንቺ ናት» አሉ።

«አልወስዳትም እትዬ።»

«ምን ሆንሽ? እናትሽ እንኳን እሺ ብላ!»

«እሷ እሺ አለች። እኔ ግን ቤት አልውልም።»

አባቴ ዞሮ አየኝ። እትዬ ውብዓለም «እንዲህ ልትይ ነው ክረምቱን ሙሉ የተመላለስሽው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

የሹራቤን ጫፍ ከጥርሷ ውስጥ ቀስ ብዬ አውጥቼ ቅርጫቱ ውስጥ መለስኳት። ሚሚ ተነስታ እስከ ግቢው በር ተከተለችኝ፤ አቅፌ ወደ ውስጥ አዞርኳት፣ በሩን ሳብኩና ወደ መንገዱ ወጣሁ።