ጠብ የናፈቃት ቆርቆሮ ቆራጭ

እኔ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነበርኩ። ሙሽራ ስታለቅስ፣ አማት ስትኮራ፣ ሚዜ ሞቅ ብሎት ሲንገዳገድ መቅረጽ ነበር ሥራዬ። አስመራ ነፃ በወጣች ሰሞን ደግሞ ሰርጉ ጉድ ነው! ያ ሁሉ ታጋይ ከበረሃ ገብቶ አሁኑኑ ካላገባሁ ሲል፣ በአንድ እሑድ ሦስት ቦታ እሮጥ ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ሰርግ የለም። ሱቄ በር ላይ ተቀምጬ ሰው ሳማ እውላለሁ።

በአንዱ ጾም አንዲት ከሲታ አሮጊት ግድግዳ እየተደገፈች መጣች። ሰፈራችን አባ ሻውል ውስጥ እሷን የማያውቅ የለም። የዘይትና የቲማቲም ቆርቆሮ በመቀስ እየቆረጠች የጎረቤቶቿን መልክ ትሠራለች። ታዲያ እንደ ፎቶ ቁርጥ እነሱን እንዳይመስላችሁ። ከሰውየው አንድ ነገር ትመርጥና እሱን ታገዝፈዋለች፤ የወሬኛዋን ምላስ፣ የስስታሙን ጭብጥ እጅ። ከዚያ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ጎህ ሲቀድ ሄዳ ባለቤቱ በር ላይ በምስማር ትመታዋለች። ግማሹ ሰፈር ከሷ ጋር ተጣልቷል፣ ግማሹ ተራውን ይጠብቃል።

«ኣታ ወደይ፣ ጾም ገብቷል፣ ሥራ የለህም» አለችኝ፤ «አንተ ልጄ» የሚለውን በትግርኛ፣ ሌላውን በአማርኛ። አማርኛውን የለመደችው በወጣትነቷ በመኮንኖች ቤት ልብስ ስትተኩስ ነው። አባቴ ከጎጃም የመጣ ወታደር መሆኑን ስለምታውቅ ከኔ ጋር በሱ ታወራለች። ለስድብ ይመቻል ባይ ናት።

«ምን ልታዘዝ አደይ፣ እናቴ? ይቀመጡ።»

«አንቺ በለኝ። እርስዎ ስትለኝ ቄስ የመጣብኝ ይመስለኛል። እኔን ቅረጽ። ጉበቴ አልቋል፣ ሐኪሙ ክረምቱን አታዪም ብሎኛል። ሳልሞት ልየው እንጂ ከሞትኩ በኋላማ ምን ያደርግልኛል?»

ክው አልኩ። ኧረ እግዜር ያውቃል ምናምን ብዬ ስንተባተብ በእጇ ዝም አሰኘችኝ።

«እንደሆንኩት ቅረጸኝ። የተጣሉኝን ሁሉ ጠይቃቸው። አለዚያ ሰርግ ቀረጽክ እንጂ እኔን አልቀረጽክም።»

እንዲያ የሳቅሁበት ሥራ የለም። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ቆርቆሮ ትቆርጣለች፤ እኔ ከልማዴ «ትንሽ ፈገግ በይ» ስላት የቲማቲም ጣሳ ትወረውርብኛለች። አንዴ ግንባሬን አገኘችኝና ሁለታችንም ትንፋሽ እስኪያጥረን ሳቅን። እሷ ሆዷን ይዛ «አታስቀኝ፣ ያመኛል» እያለች ትስቃለች።

መከራው የመጣው ጎረቤት መጠየቅ ስጀምር ነው። ወሬኛዋ መብራቴን ስታይ ነጠላዋን አስተካክላ «ምላሴን የሠራችልኝ በፍቅር ነው» ብላ ተንሰቀሰቀች። ያንን ምላስ ያየች ቀን እኮ በድንጋይ ነው ያባረረቻት! ስስታሙም መጣ፤ «እሷ ማለት ቅድስት ናት» አለ። ሁሉም እንደዚያው። ሰው ሊሞት ነው ሲባል ክፉ አይወራበትማ።

የቀረጽኩትን በትንሿ ቴሌቪዥኔ አሳየኋት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ጠቆረ።

«ቀብረውኛል» አለች። «ሲሰድቡኝ ሥራዬን አይተውት ነበር። አሁን ማንም አያየውም። የሚያዩት አልጋዬን ነው።»

መቀሷን ፍራሹ ሥር ከተተችው። ለሳምንት አንዲት ቆርቆሮ አልነካችም፤ ጎረቤት የላከላትን ሾርባም መለሰችው። በሽታውስ የሐኪም ነገር ነው፤ ይሄኛው ግን በኔ ካሜራ የመጣ ነው።

የቀረኝ አንድ ሰው ነበር፣ ፀጉር ቆራጩ። ጆሮ የሚባለውን ነገር እግዜር ለሱ አብዝቶ ሰጥቶታል፤ እሷ ደግሞ ጨመረችበት። አራት ዓመት ሙሉ ተጣልተዋል፣ ሁለቴ በሽማግሌ ከሷታል። እሱ እንኳ እውነቱን ባይናገር ማን ይናገራል ብዬ ሄድኩ። መብራቱን አበራሁ። ኮፍያውን አወለቀና አንገቱን ደፍቶ «የሰፈራችን ጌጥ ናት» አለ። ደሜ ፈላ! በንዴት መብራቱን ድርግም አደረግሁትና ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ። ካሜራውን ግን ማጥፋት ረስቻለሁ።

እሱ መብራቱ ሲጠፋ ያለቀ መሰለው።

«ጌጥ! ጌጥ እቴ!» አለ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ። «ጆሮዬን የሻሂ በራድ እጀታ አድርጋልኝ! ደንበኛዬ እሱን አይቶ በሳቅ ሲንፈራፈር ጉንጩን ቆርጬዋለሁ! ነቅዬ ጣልኩት። ከዚያ መስተዋት ባየሁ ቁጥር የራሴው ጆሮ ጎደለብኝ፣ ተመልሼ ሰቀልኩት። ግራው ልክ ነው፣ አልዋሽም። ቀኙ ላይ ግን ቀጥፋለች!»

የካሜራዋ ቀይ መብራት ቦግ እንዳለች ነበር። ካሴቴን ይዤ ወጣሁ።

ከፋሲካ በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሰፈሩ በሙሉ ጠባቧ ክፍሏ ውስጥ ታጨቀ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድን። አንዷ «ይሄማ የቁም ተዝካር ነው» ብላ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ወሬኛዋ በቴሌቪዥኑ አለቀሰች፤ ክፍሉም አብሯት አለቀሰ። ስስታሙ ቅድስት ናት አለ፤ ሁሉም አሜን አሉ። ቀጥሎ ፀጉር ቆራጩ ጌጥ ናት አለ። ምስሉ ድንግዝግዝ አለና «ጌጥ እቴ!» የሚል ድምፅ ቤቱን ሞላው።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ፀጉር ቆራጩ ከወንበሩ ተፈናጥሮ «አጥፋው! ይሄ ሌባ! አጥፋው!» እያለ መጣብኝ። ቴሌቪዥኑን ከልዬ ቆምኩ፤ ቢገድለኝም አላጠፋም ብያለሁ። ድምፁ እስከ ቀኙ ጆሮ ደረሰ።

«ቀኙ ምን ሆነ?»

እሷ ናት። ከግድግዳው ዞራለች።

«ምንም... ምንም አልሆነ። በንዴት ነው እንጂ...»

«ቀኙ ምን ሆነ አልኩህ!»

ሰውየው አየት አደረጋት። ከዚያ ፈነዳ። «ቀኙ ወደ ጭንቅላቴ ጠጋ ይላል! አራት ዓመት ፊትሽ ስመላለስ አላየሽውም? ዕውር!»

«በስመ አብ!» አለ ሰው ሁሉ።

እሷ በክርኗ ተደግፋ ተነሣች። ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ጎትታ ጣለችው፤ ፀሐዩ ቤቱን ሞላው። ጆሮውን ይዛ ወደ ብርሃኑ ሳበችው።

«ይሄ ነው የሚጠጋው? ይሄማ ሊበር ነው!»

«ልቀቂኝ! አንቺ ደግሞ መቀስ መያዝ መች ታውቂና!»

ወሬኛዋም እንባዋ ሳይደርቅ ብድግ ብላ «እውነቱን ነው! የኔስ ምላስ እንደዚያ ይረዝማል?» አለች። «እንዲያውም አሳጥሬልሻለሁ!» ብላ አሮጊቷ መለሰችላት። ስስታሙ ጮኸ፣ ሌላው ጮኸ፣ ክፍሉ ገበያ ሆነ። ፊልሙ መቼ እንዳለቀ ያወቀ የለም። ስንት ሙሽራ ቀርጫለሁ፣ እንደሷ በደስታ የበራ ፊት ግን አይቼ አላውቅም። እኔም ጥግ ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍረኛል?

ሰው ሲወጣ ፀጉር ቆራጩን በጣቷ ጠራችው። «ነገ ጠዋት ና። ገና አልጨረስንም።»

«እመጣለሁ! ምን እንዳታደርጊኝ!»

መጣም። በየጠዋቱ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ይመጣል፣ ይጣላሉ፣ ይሄዳል። እሷም ሾርባዋን ጠጥታ መቀሷን ታነሣለች።

አንድ የግንቦት ጠዋት ስደርስ ድምፅዋ ጠፍቷል። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ፀጉር ቆራጩ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ብቻውን ይጣላል። «ጠጋ ይላል አልኩሽ!» ይልና፣ ድምፁን አቅጥኖ በሷ አነጋገር «ኣታ ዕውር፣ መስተዋትህን ጥረገው!» ብሎ ራሱን ይሰድባል። ስድቡ ያነሰ ሲመስላት በጣቷ ጨምር ትለዋለች። እሱም እንባውን በሽርጡ እየጠረገ ይጨምራል።