የሰይድ መድኃኒት ቀማሾች

ባለፈው እሑድ ጠዋት፣ ወልድያ ልጄ ቤት፣ የአራት ዓመቷ የልጅ ልጄ ማርታ አፌን አልከፍትም ብላ አልጋ ሥር ገባች። አስም አለባት። ጠዋትና ማታ እንድትስበው የታዘዘላት መድኃኒት በእናቷ እጅ ነው፤ ከመድኃኒቱ ጋር የሚገጠመው የፋርማሲ ዕቃ ደግሞ በአባቷ። አንዱ ይለምናል፣ አንዱ ይቆጣል። ትንሽ ታገስኩ፤ ኋላ ግን አላስቻለኝም። «በሉ ተዉዋት! ሦስት ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አምጡልኝ» አልኩ።

«እማዬ፣ ደግሞ ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ልጄ። እኔ ግን በሐሳብ መርሳ ደርሼ ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። በነርስነት እንደ ተመረቅሁ መርሳ አጠገብ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ተመደብኩ። ወሩ መስከረም ነበር፤ ዘይቱኑ በስሎ ሽታው አስፋልቱ ድረስ ይመጣል። ከጠዋት እስከ ማታ ዘይቱን ስበላ እውል ነበር። ሽማግሌ ሳይቀር «ሲስተር» ሲለኝ ጊዜ ራሴን ትልቅ ሰው አደረግሁት። ቁጡም ነበርኩ። አሁንም ነሽ ይሉኛል፤ ውሸታቸውን ነው።

አንድ ቀን ሐሰን የሚባል ገበሬና ሚስቱ ዘይነባ የስድስት ዓመት ልጃቸውን ሰይድን ይዘው መጡ። ልጁ ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጫል። ወልድያ ያየው ሐኪም አስም ነው ብሎ ሁለት የሚሳብ መድኃኒት ሰጥቶታል፤ አንዱ ሲያፍነው ብቻ የሚወሰድ፣ ሌላው ደህና ቢሆንም ባይሆንም ጠዋትና ማታ። አወሳሰዱን ማስተማር የእኔ ሥራ ነበር። የውሃ ፕላስቲክ ቂጡን በሳሁና መድኃኒቱን ሰካሁበት፤ ልጁ በአፉ በኩል ይዞ ቀስ ብሎ ስድስት ጊዜ ይተነፍሳል፣ ሲጨርስ አፉን ይጉመጠመጣል። ሐሰን ፊቱ በራ። «ጠዋት ከሱብሂ፣ ማታ ከመግሪብ ሶላት ጋር ነዋ! መጉመጥመጡንም ቢሆን ከውዱእ እናውቀዋለን። ይሄማ አይረሳም» አለ።

ያስጨነቃቸው ውቂያው ነበር። አምና ኅዳር ላይ የአውድማው አቧራ ሰይድን ሊገድለው ምንም አልቀረው። ዘንድሮም ካልተሻለው ሐሰን ልጁን ወልድያ አክስቱ ዘንድ ሊልከው ቆርጧል። ዘይነባ ይህን ስትነግረኝ እንባዋ መጣ። «ሲስተር፣ አንድ ነው ያለኝ። እሱን ሰድጄ የማንን ፊት አይቼ ላድር?»

ለሁለት ወር ይበቃል ያልነው የጠዋትና የማታ መድኃኒት ሦስት ሳምንት ሳይሞላው አለቀ። ሐሰን ባዶውን ጆሮዬ ሥር ነቀነቀልኝ። ደሜ ፈላ። «ምን አደረጋችሁት? ገበያ አወጣችሁት?» አልኩት። ሰውየው አንገቱን ደፋ። «ወላሂ ሲስተር፣ ለልጁ ነው የዋለው።» ክሊኒኩ ውስጥ የቀረችውን አንዲት መድኃኒት ሰጠሁትና ነገ ጠዋት ቤታችሁ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ አልኩት።

በማግስቱ በማለዳ፣ ቀሚሴ በማሽላው ጤዛ ርሶ ደረስኩ። በሩ ክፍት ነው። መደቡ ላይ አራት ሰው ተደርድሯል፤ የሐሰን አባት ሸህ ይማም፣ ሐሰን፣ ዘይነባ፣ እንዲሁም እሳት ልትጭር የመጣች ጎረቤት። ሸህ ይማም «ቢስሚላህ» ብለው ከፕላስቲኩ ሳቡና ለልጃቸው አቀበሉ። ሐሰንም ሳበ፣ ዘይነባም ሳበች፣ ጎረቤቲቱም ሳበች። በመጨረሻ ሰይድ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«እየቀመስንለት ነዋ» አሉኝ ሸህ ይማም፣ ምንም ሳይደነግጡ። «ማር ቢሆን፣ ብርዝ ቢሆን፣ ትልቅ ሰው ሳይቀምስ ለሕፃን ይሰጣል? የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«ጎረቤቲቱስ?»

«እሷማ ከደጃችን ደርሳ ሳትቀምስ ትሂድ? ደግሞ ልንገርሽ፣ ይህን ከጀመርኩ ወዲህ ዳገቱ ቀሎኛል።»

መድኃኒቱ እንዲያ የሚሠራ አልነበረም፤ ግን ማን ይከራከራቸዋል! ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ደግሞ ትናንት ሐሰንን የተናገርኩት ትዝ አለኝና አፈርኩ። ይቅርታ ጠየቅሁት። «ኧረ ምን ገዶ! ልጁን ብለሽ አይደል?» አለኝ።

ዋናው ችግር ግን አልተፈታም። ይህችም ካለቀች ሌላ የለም፤ ትልልቆቹ ካልቀመሱ ደግሞ ሰይድ ጥርሱን ይነክሳል። መርፌ ካየ ወዲህ ሰው አያምንም። ያን ጊዜ ያለቀችው መድኃኒት ትዝ አለችኝ። ዘይነባ ከጎረቤት ፕላስቲክ ለቃቅማ መጣች፣ ሐሰን የፕላስቲኮቹን ቂጥ በሳ፣ ለየራሳቸው አንዳንድ ሰጠኋቸው። ማታ ከመግሪብ በኋላ ተመልሼ ስመጣ፣ ባዶዋን እየሰኩ በተራ ተነፈሱ። ሰይድ ዓይኑን አልነቀለም።

«የእናንተ ባዶ ነው?» አለ ድንገት።

ዘይነባ ክንዴን ያዘች። ብዋሸው ዳግመኛ አያምነኝም፤ እውነቱን ብነግረው አልወስድም ይልና ወልድያ መሄዱ ነው። «አዎ፣ የእነሱ ባዶ ነው። እውነተኛው ያንተ ብቻ ነው» አልኩት።

ትንሽ አሰበና መድኃኒቱን ከእጄ መነጨቀኝ። «እንግዲያው የኔን እንዳትነኩብኝ!» አለና ስድስቱን ትንፋሽ አንድ በአንድ ሳበ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አዛዡ እሱ ሆነ። «አባባ ቸኮሉ፤ ይድገሙ!» ይላቸዋል። ሸህ ይማምም እሺ ብለው ይደግማሉ። ኅዳር ገባ፣ ጤፉ ተወቃ። ሰይድ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ዘይቱን ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ፕላስቲኩን እንደ ጅራፍ እያወዛወዘ በሬዎቹን ሲያዝ ዋለ። ወልድያ አክስቱ ዘንድ የተላከው አንድ ጆንያ ጤፍ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስንት ሥልጠና ወስጃለሁ፣ ስንት እናትና አባት አስተምሬአለሁ። የሐሰንን ቤት ያህል ያስተማረኝ ግን የለም። ልጅ መድኃኒቱን አይደለም የሚፈራው፤ ብቻውን መሆኑን ነው።

እሑድ ዕለት ፕላስቲኮቹ መጡ። ልጄ፣ ባሏና እኔ አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተደርድረን በተራ ተነፈስን። አማቼ ሳቁን ማፈን አቃተው። መጀመሪያ ከአልጋው ሥር የማርታ አፍንጫ ወጣ፣ ቀጥሎ ዓይኗ። የእኔ ተራ ሲደርስ ስድስቱን ጨርሼ ፕላስቲኩን አስቀመጥኩ።

«እማማ፣ ቸኮልሽ» አለችኝ። «ድገሚ!»

ደገምኩ።