ቱማሽ የለመነው አስፋልት

ቱማሽ በዕድሜው ብዙ ሰው ጠልቷል፤ የቤቱን መንገድ የጠላውን ያህል ግን ማንንም አልጠላም።

መንገዱ ከአርዱና መንደር ይነሳና ኢን የሚባለውን ወንዝ ዳር ዳሩን ይዞ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ሸለቆው እየጠበበ ሲሄድ እሱም እየጠበበ የመጨረሻው ቤት ደጃፍ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ወደ ተራራው ማለፊያ የሚወጣ የላም መንገድ ብቻ ነው። የመጨረሻው ቤት የቱማሽ ነው። በአርዱና ደንብ እያንዳንዱ ቤት የደጁን መንገድ ራሱ ይጠግናል። ለሌላው ሰው ደጅ ማለት በር ከፍቶ የሚወጣበት ነው፤ ለቱማሽ ግን ከድልድዩ ወዲህ ያለው ኮረኮንች በሙሉ ደጁ ነው። በጸደይ በረዶው ሲቀልጥ ጠጠሩን ወንዙ ውስጥ ይዶለዋል፤ ቱማሽ አካፋውን ይዞ ይወጣል። በበጋ አቧራው ሚስቱ ማድላይና ያሰጣችውን አንሶላ መልሶ ያሳጥባታል፤ እሷ ታጥባለች፣ እሱ ይራገማል። እንዲህ ተከፋፍለው ኖሩ።

በየዓመቱ ግንቦት ላይ መንደሩ በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ይሰበሰባል፤ ነገር ሁሉ እጅ እየወጣ ይወሰናል። ቱማሽም በየዓመቱ ይነሳና መንገዱ አስፋልት ይሁን ይላል። ንግግሩን ሕዝቡ በቃሉ ያውቀዋል። ስለ ትራክተሩ ሞላ፣ ስለ ላሞቹ ሰኮና፣ ስለ ሐኪሙ መኪና ያወራና መጨረሻው ላይ፣ «ልጄ ብራይዳ ጥላኝ ዙሪክ የገባችው በዚህ መንገድ ምክንያት ነው» ብሎ ይቀመጣል። ማድላይና በዚህ አትስማማም። ልጅቱ የሸሸችው መንገዱን ሳይሆን ስለ መንገዱ የሚወራውን ወሬ ነው ባይ ናት።

ሌላም የቆየ ደንብ አለ። ነገሩ የሚነካው ቤተሰብ፣ ሰው ፊቱን አይቶ እንዳያፍር፣ እጅ ሲወጣ ከአዳራሹ ይወጣል። ስለዚህ ቱማሽ በየዓመቱ የልጆች ካፖርት በሚሰቀልበት ኮሪደር ቆሞ ይጠብቃል። ከንቲባው ኩርዲን በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «ባርባ ቱማሽ፣ ዘንድሮም አልሆነም» ይለዋል። ባርባ አጎት ማለት ነው፤ እዚያ አገር ያረጀ ሰው ሁሉ ባርባ ነው። ቱማሽም «ለከርሞ» ይልና፣ ከከለከሉት ሰዎች ጋር ወይን ሊጠጣ ይሄዳል። ለአንድ ቤት ያን ሁሉ አስፋልት ማን ያፈሳል? እሱም ቢሆን በእነሱ ቦታ ቢሆን አያፈስም ነበር፤ ይህን ግን ገድለውት አይናገርም።

ኑሮ በዚህ መልክ ረግቶ ሳለ ብስክሌተኞቹ መጡ።

የመጀመሪያው ሰው ሲመጣ ቱማሽ ድልድዩ አጠገብ ጉድጓድ እየደፈነ ነበር። ሰውዬው እንደ ወንዝ ዳር ወፍ ያሸበረቀ ልብስ ለብሷል፤ ጥርሱ ሳይቀር አቧራ ቅሟል። ብስክሌቱን አቁሞ፣ ይህን ግሩም መንገድ የሚንከባከበው ማን እንደሆነ በትሕትና ጠየቀ። ቱማሽ አካፋውን አነሳ። ሰው በገዛ ደጁ ቆሞ ሲዘበትበት ዝም ይላል እንዴ? ሰውዬው ግን እየዘበተ አልነበረም። ከዙሪክ ድረስ በባቡር የመጣው አስፋልት ሰልችቶት፣ ጠጠር ፍለጋ ነው። ኮረኮንቹን ጎንበስ ብሎ በእጁ ዳሰሰው፣ ፎቶ አነሳ፣ አመስግኖ ሄደ። ቱማሽ ቤቱ ገብቶ ለማድላይና፣ የከተማ ሰው ለይቶለት ማበዱን ነገራት።

አንዱ እብድ አሥር እብድ ጠራ። በሚቀጥለው ዓመት በበጋው እሑድ እሑድ ከማለፊያው የሚወርደው ብስክሌት ከላሙ በለጠ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው፤ ያ ሁሉ ዓመት የተረገመ ጠጠር አገር ለአገር እየተዞረ የሚፈለግ ሆኖ አረፈው።

ብራይዳን የመለሳትም ይኸው ጠጠር ነው። ዙሪክ በምትሠራበት ቢሮ አንዱ ባልደረባዋ ቅዳሜ የሄደበትን መንገድ በስልኩ ያሳያታል። ወንዙ አለ፣ ድልድዩ አለ፣ ጥግ ላይ ደግሞ አካፋ ተደግፎ ካሜራውን ሊበላው የደረሰ ሽማግሌ አለ። አባቷ። እየሳቀች ማየት ጀመረችና እያለቀሰች ጨረሰች። ክረምቱ ሳይወጣ ሥራዋን ለቃ መጣች፤ ከከብቶቹ ቤት አጠገብ ያለውን ክፍል ኖራ ቀብታ፣ የገብስ ሾርባና የዋልነት ኬክ የምትሸጥበት አደረገችው። ግድግዳው ላይ የሚሸጥ የብስክሌት ከመነዳሪ ሰቀለች፤ በር ላይ የጎማ መንፊያ አቆመች። ሁለት በጋ ሠራች። እየለፋች ነው፤ ግን ይዞላታል።

ቱማሽ ደስ ብሎታል። አንጀቱ ቅቤ ጠጥቷል፣ ይህን መደበቅ አይቻልም። ጠዋት የእሷን ኮቴ ከላይኛው ፎቅ ለመስማት ብሎ ብቻ ተኝቶ ይቆያል። የሚያሳዝነው፣ ይህን ለማንም፣ ለእሷም ጭምር አለመናገሩ ነው። የሚናገረው ስለ አቧራው ነው። ግን ማንም ሳያየው ጎማ የሚቀድ ሹል ድንጋይ ከመንገዱ እየለቀመ ይጥል ጀመር። ማድላይና አይታው ምን እያደረገ እንደሆነ ስትጠይቀው፣ ለትራክተሩ ነው አላት።

ግንቦት ሲደርስ ማድላይና ድስቷን እያማሰለች ፊቷን ሳታዞር፣ «ዘንድሮ እንኳ ተወው» አለችው።

«ምኑን?»

«አታውቅምና ነው? አስፋልት ከሆነ እነዚያ ሰዎች ዝር አይሉም። እነሱ ካልመጡ ልጅቱ ሾርባውን ለላም ትሽጥ?»

«እንደማያልፍ አንቺም ታውቂያለሽ፤ አልፎ ያውቃል?»

«ካላለፈ ለምን ታነሳዋለህ?»

ለምን እንደሚያነሳው ለራሱም አልጠራለትም። ካላነሳ ቱማሽ ለብስክሌት እጁን ሰጠ ይባላል። ያ ሁሉ ዓመት የጮኸው ከንቱ ነበር ይባላል። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ፤ ቱማሽ ምላጩን በየዓመቱ ሲውጥ ስለኖረ ጉሮሮው ለምዶታል። እንደ ልማዱ ይናገራል፣ እንደ ልማዳቸው ይከለክሉታል፣ ወይናቸውን ይጠጣሉ፣ ልጁም ሾርባዋን ትሸጣለች። ማን ይጎዳል?

ማድላይና ቤት ቀረች፤ ስብሰባው ላይ ብራይዳ ከኋላ ተቀመጠች። ቱማሽ ተነሳ። ልጁ እያየችው ስለሆነ እንዳይለሰልስ ፈርቶ ከወትሮው አብልጦ ጮኸ። ትራክተሩን አለፈ፣ ሰኮናውን አለፈ፣ ሐኪሙን አለፈ። «ልጄ» የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ተሰበረ። በእውነት ተሰበረ፤ የምትሄድበት መስሎት ድንገት ልቡ ደንግጦ ነው። አንዲት ሴትዮ አፍንጫዋን ጠረገች። ቱማሽ ጨርሶ ከብራይዳ ጋር ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

ኮሪደሩ ውስጥ ብራይዳ ግድግዳውን ተደገፈች።

«አባባ፣ እውነት ትፈልገዋለህ?»

«አያልፍም።»

«ያልፋል ወይ አላልኩህም። ትፈልገዋለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«ኩርዲን አሁን ይመጣል፣ አልሆነም ይላል፣ እንሄዳለን። አትጨነቂ።»

ከውስጥ ጭብጨባ ተሰማ። በዚያ ኮሪደር ቆሞ ቱማሽ ጭብጨባ ሰምቶ አያውቅም። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተና ኩርዲን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወጣ፣ የቱማሽን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«ባርባ ቱማሽ፣ ሆነ! አንድም እጅ አልቀረም። ልጅቷ ተመልሳልዎታለች፤ በመንገዱ ምክንያት ዳግመኛ እንዳትሄድብዎ ብለን ነው። ደግሞ በጠጠር ይህን ያህል ሰው ከመጣ፣ በአስፋልትማ ስንቱ ይመጣ!»

አዳራሹ ሲገቡ ሰዉ ብድግ ብሎ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የከለከሉት እነዚያው ሰዎች ያጨበጭባሉ። መልካምነታቸው እንደ ጅራፍ ለበለበው። ብራይዳ ከበሩ አላለፈችም፤ ዓይኗን እሱ ላይ ተክላ ቆማለች። አሁን ማለት የነበረበት አንድ ነገር ነው፤ ተሳስቻለሁ፣ ልጄ የምትኖረው በጠጠሩ ነው። ስምንት ቃል አይሞላም። አፉን ከፈተ።

«ይቅር» አለ። «ለአንድ ቤት ብላችሁ መንደሩን አታስቸግሩ። ውሳኔው ይሰረዝልኝ።»

ሕዝቡ እርስ በእርሱ ተያየ። ኩርዲን ግራ ገባው፤ ግን ጥያቄ ከቀረበ ደንብ ደንብ ነው። እንደገና እጅ ይወጣል፣ አባትና ልጅም እንደገና ይወጣሉ።

«ለምን እውነቱን አልነገርካቸውም?» አለች ብራይዳ በሩ ሲዘጋ።

ቱማሽ ትንንሾቹን የካፖርት መስቀያዎች አየ። የብራይዳ መስቀያ የትኛው እንደነበር ማስታወስ ፈልጎ አቃተው።

«እንድትሄጂብኝ አልፈልግም» አለ። «ጠዋት ጠዋት ኮቴሽን እየሰማሁ ነው የምነሳው። አስፋልቱ ገደል ይግባ።»

ብራይዳ ፊቷን አዞረች። «ይህንን እኮ ነበር እዚያ ውስጥ ማለት» አለች።

ቱማሽ እጁን የበሩ እጀታ ላይ አደረገ። ልክ ነች፤ ገና ይቻላል፣ ገብቶ መናገር ነው። ደንቡ ግን እጅ እየወጣ አይገባም ይላል፤ ቱማሽ ደግሞ በዚያ ደንብ ሽማግሌ የሆነ ሰው ነው። እጀታውን እንደያዘ ጠበቀ። በሩን የከፈተው ኩርዲን ነው፤ እየሳቀ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«ይሉኝታዎን እናውቃለን ባርባ። አንድም ሰው አልተቀበለዎትም። አስፋልቱ ይሠራል።»

መስከረም ላይ ተሠራ፤ ጥሩ አድርገው ነው የሠሩት፣ አይታማም። ብስክሌተኞቹ አንድ በጋ በስህተት መጡ፤ ጎማቸው ሬንጅ ሲነካ ፊታቸው ጠቆረ፣ ከዚያ ከወንዙ ወዲያ ማዶ የእንጨት ቆራጮችን መንገድ አገኙና በዚያው ቀሩ። ብራይዳ አንድ ክረምት ታገሠች። ከዚያ ታች ሸለቆው መጨረሻ ካለው ከተማ ሥራ አገኘች፣ መንፊያውን ነቅላ ሄደች። ማንንም አልወቀሰችም። አባቷን ስማ ነው የሄደችው።

እሑድ እሑድ ትመጣለች። መንገዱ ለስላሳ ስለሆነ መኪናዋ ድምፅ የለውም፤ ቱማሽ መድረሷን የሚያውቀው በሩ ሲንኳኳ ነው። አብረው ምሳ ይበላሉ፣ ማድላይና ኬክ ትቆርጣለች። ብራይዳ ገና ብርሃን ሳለ ትነሳለች፤ ምን ቸገራት፣ መንገዱ ጥሩ ነው፣ ቶሎ ትደርሳለች።